ወንዙ የወሰደው መቃብር

ለምወድህ ወንድሜ ለቶፋዝል፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነህ? ደህና ነህ ወይ? የሙስካት ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ከድንጋይ መፍጫው ብናኝ የያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሌሊት እንቅልፍ ይነሳሃል? አብረውህ የሚያድሩት የአገራችን ልጆችስ ሰላም ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። አባባም ይበላሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ይስቃሉም። በስልክ ስለሳቸው ስትጠይቀኝ «ደህና ናቸው» ብዬ ወሬ የማስቀይርህ፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር መጥተው አጠገቤ ስለሚቀመጡ ነው። አሁን የጎረቤታችን የሞፊዝ ልጅ ወዳንተ ሊበር ስለሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ በሆዴ የያዝኩትን በዚህ ወረቀት ልንገርህ። ብቻህን ስትሆን አንብበው።

ዓመቱ የገባው በደስታ ነበር። በቦይሻክ ወር መንደራችን ባዶርካቲ መብራት ገባላት። ምሰሶዎቹ ከመንገዱ እስከ መስጊዱ፣ ከመስጊዱም እስከ ወንዙ ዳር ተተከሉ። ሹማምንቱ በጀልባ መጥተው፣ አገራችን ከድሆች ተርታ እየወጣች ነው ብለው ተናገሩ፤ ጣፋጭ ታደለ፤ ተጨበጨበ። አባባ አምፖሉን እንደ ሕፃን ሲያበሩና ሲያጠፉ ቆይተው፣ «መኖዋራ ይህን ሳታይ» አሉ። እማማ ከሞተች ገና ስምንት ወሯ ነበር።

በስራቦን ወር ዝናቡ ሲበረታ የመግና ወንዝ ዳርቻውን መብላት ጀመረ። መጀመሪያ በቀን ሁለት ክንድ፣ ኋላ አሥር። ቀያሽ መጥቶ እስከዚህ ይደርሳል ብሎ ቀይ ባንዲራ ተከለ፤ ባንዲራውን በሦስተኛው ቀን ወንዙ ወሰደው። በዚያው ሳምንት ኢማሙ፣ ሙታናችንን ውሃ ሳይቀድመን አውጥተን ከጎርፍ መከላከያው ግድብ ማዶ እንቅበራቸው አሉ።

የእማማን ቀብር የከፈቱት አባባ፣ ሞፊዝና ኢማሙ ናቸው። እኔ አዲስ ከፈን ታቅፌ ከሙዙ ሥር ቆሜ ነበር። ቶፋዝል፣ ምንም አልነበረም። ቀርከሃው እንደተደረደረ አለ፤ በላዩ የተነጠፈውም ሰሌን አልተነካም። ከሥሩ ግን አጥንት የለ፣ ጨርቅ የለ። እርጥብ አሸዋ ብቻ፣ ያውም ሰው ተኝቶበት አሁን የተነሣ ይመስል ጎድጉዶ። ሞፊዝ «ወንዙ ከሥር ገብቶ ወስዷት ይሆናል» አለ። ኢማሙ «ወንዝ ቢገባ ቀርከሃው ይተርፍ ነበር?» አሉና በተናገሩት ራሳቸው ደነገጡ። ከዚያ ለማንም እንዳንናገር አስማሉን። ያልደነገጡት አባባ ብቻ ናቸው። እጃቸውን አራግፈው፣ «ቀድማ ሄዳ ነዋ። እሷ እኮ ዕቃ እስኪታሰር ቆማ አታውቅም» አሉ።

በአራተኛው ቀን መቃብሩም፣ ቤታችን ከነማድ ቤቱ፣ መስጊዱም ሄዱ። እኛ ግድቡ ላይ በቆርቆሮ ተጠለልን። የመንደሩ እኩሌታ ዳካ ገባ፤ ልጃገረዶቹ ሁሉ ልብስ ፋብሪካ ናቸው። ከባዶርካቲ የቀሩት ሦስት የመብራት ምሰሶዎች ነበሩ። ቤት በሌለበት፣ መሬት በሌለበት፣ መካከል ወንዙ ላይ ቆመው አመሻሽ ላይ ይበራሉ። ማን እንደሚያበራቸው የመብራት ሰዎቹም አላወቁም።

አባባ በየቀኑ ከአሱር ሶላት በኋላ የሞፊዝን ጀልባ ይዘው ወደዚያ መቅዘፍ ጀመሩ። «ወዴት ነው?» ስላቸው «ቤት» ይሉኛል። አንድ ቀን አብሬ ተሳፈርኩ። ከሦስተኛው አምፖል ሥር ስንደርስ፣ ዙሪያውን የሚጋልበው ወንዝ ብርሃኑ ባረፈበት ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጀልባዋም ቆመች። ያኔ ከታች፣ ከእግሬ ሥር፣ የጓሯችን የውሃ ፓምፕ ሲረገጥ ሰማሁ። የኛው ፓምፕ፣ ሁለቴ ጮሆ ሦስተኛውን የሚውጠው። «አባባ፣ እንመለስ!» አልኩ። «አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ፈሪ ነሽ» አሉኝ። «እናትሽ እኮ ውሃ ነው የምትቀዳው።» መቅዘፊያውን ነጥቄ መለስኳቸው። ከሁለት ቀን በኋላ የመብራት መስመሩ ተቆረጠ፤ ምሰሶዎቹንም የካርቲክ ወር አውሎ ነፋስ ጣላቸው።

አባባ በትኩሳት ወደቁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሩዝ በእጄ እያጎረስኩ፣ ደግፌ እያወጣሁ እያስገባሁ አስታመምኳቸው። ይህን ልብ በልልኝ፤ ከአጠገቤ አልተለዩም። በዚያው ሰሞን ወንዙ ሲጎድል ከማዶ አዲስ የወንዝ ደሴት፣ ቻር፣ ወጣ፤ ገና ያልደረቀ፣ የሰው ኮቴ ያላረፈበት ደለል። አባባ እንደተሻላቸው ባለቤቴ ኢድሪስና ሞፊዝ በጀልባ ይዘዋቸው ሄዱ፤ መሬት ቀድሞ ለረገጠ ነውና። ከመካከሉ ላይ መቃብር አገኙ። በወጉ የተከመረ፣ ራስጌው ወደ ሰሜን፣ እርጥብ የቴምር ዝንጣፊ የተሰካበት። ከነሱ ኮቴ ሌላ ኮቴ የለም። ኢድሪስ «አባባ፣ እርስዎ ነዎት?» ቢላቸው፣ «በምን እግሬ?» አሉት። ከዚያ ተቀምጠው አለቀሱ። እማማ ከሞተች ወዲህ ሲያለቅሱ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

ቻሩን ባለመሬቱ ታሉክዳር ተመኘው። ሰዎቹ ዱላና ጎሽ ይዘው ሊያርሱት መጡ። አለቃቸው መቃብሩን አይቶ ሳቀ፤ «አንተ ሽማግሌ፣ ጭቃ ከምረህ መሬት ልትወርስ ነው?» አለ። አባባ «ቆፍረህ እይ» አሉት። ሰውየው ዶማውን አንስቶ አንዴ መታ፤ ከሥር ቀርከሃ ጮኸ። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ምን እንደሰማ እስከ ዛሬ አልተናገረም። ዶማውን እዚያው ጥሎ ሰዎቹን ሰብስቦ ሄደ፤ አልተመለሱምም። አሁን አሥራ ስምንት ቤተሰብ ሆነን ኦቾሎኒ ዘርተናል፤ ቡቃያው ያምራል። ሞፊዝ ከፍተን እንይ ቢል ኢማሙ «እኔ አንዴ አይቻለሁ፣ ይበቃኛል» አሉ። ባለፈው ሳምንት ቀያሽ መጥቶ ቻሩን በካርታ ሊያሰፍር ስሙን ሲጠይቅ ሁሉም ወደ አባባ ዞረ። እሳቸው የእማማን ስም ሰጡት፤ ጻፈው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። አባባ ከጎኗ ያለውን ቦታ በቁመታቸው ለክተው በገመድ አጥረዋል። ሕመም የለባቸውም። «ምነው አባባ?» ስላቸው፣ «አልቸኩልም። ቶፋዝል የእናቱን ቀብር አላየም፤ መጥቶ ዱዓ ያድርግላት፣ ከዚያ እሄዳለሁ» ይላሉ። ኮንትራትህ ሊያልቅ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ቀኑን ይጠይቁኛል። አንተ እስክትመጣ እንደማይሞቱ አውቃለሁ። ስትመጣ የሚሆነውንም አውቃለሁ። ለብዙ ሳምንት አትምጣ ብዬ ልጽፍልህ ብዕር አነሳሁ። ትናንት ግን ገመዱ አጠገብ ቆመው የጀልባውን መንገድ ሲያዩ አየኋቸው፤ ደክሟቸዋል። ስለዚህ ና፣ ወንድሜ። ግን ቀስ ብለህ ና።

ኢድሪስ ሰላም ብሎሃል። ልጄ ሩመና አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች፤ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። ሞፊዝ ልጄን አደራ ይልሃል። ኢማሙ ዱዓቸውን ልከዋል። አባባ ደብዳቤ መጻፌን አይተው፣ የሚበላ ነገር አይጉደልበት በይው ብለውኛል። አብረውህ ላሉት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህትህ ሖስነ አራ
ቻር መኖዋራ፣ ፋልጉን 9 ቀን 1426 በቤንጋል አቆጣጠር