የጋሽ ቶሎሳ የይለፍ ቃል

ሰኞ
ዛሬም ያው ስም። ቶሎሳ፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን መጋዘን ኃላፊ። የይለፍ ቃል ስህተት፣ ስህተት፣ ስህተት፣ ከዚያ ተቆለፈ። ሲስተሙ ውስጥ ማን መቼ እንደገባ መከታተል የእኔ ሥራ ነው። የመኪና መለዋወጫ ስለምንሸጥ ዕቃ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይፈራል። ያለፈውን ሳምንት ገልብጬ አየሁ፤ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ነው። አለቃዬ ሀብታሙ፣ "ሰው በሽማግሌው ስም ሊገባ እየሞከረ ነው፤ ዝጊውና ሪፖርት ጻፊ" አለኝ። ሙከራው ግን የሚመጣው ከራሳቸው ከጋሽ ቶሎሳ ኮምፒውተር ነው። መጀመሪያ ሄጄ ልይ ብዬ ለመንኩት። እያጉረመረመ ፈቀደ።

ማክሰኞ
ከሲ.ኤም.ሲ ቢሮ ፈረንሳይ ድረስ ታክሲ ስቀያይር ረፈደ። ጋሽ ቶሎሳ "ነጃቴ! ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?" ብለው ተቀበሉኝ።

"እስቲ ሲገቡ ልይ" አልኳቸው። አፍንጫቸው ኪቦርዱን እስኪነካ አጎነበሱ። በጣታቸው እየዳሰሱ ጻፉ። ስህተት። እንደገና። ስህተት። "ይሄ ኮምፒውተር አርጅቷል" አሉ ሳቅ ብለው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ምን እንደሚል ጠየቅኳቸው። ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፉት፤ "አንቺ አንብቢው እስቲ፤ መነጽሬን ረስቼ ነው።"

መነጽሩ ዓይናቸው ላይ ነበር።

ሲሸኙኝ በሩ ላይ እጄን ያዙ። "ጭጋግ ነው የማየው፣ ልጄ። ከክረምቱ ወዲህ ብሶብኛል። ካወቁ ያስወጡኛል። አደራ፣ አትንገሪብኝ።"

"ውሸት አልጽፍም፣ ጋሼ። ግን ነገ ቢሮ ይምጡ፤ አብረን ገብተን ለሀብታሙ እንንገረው።" እጄን ለቀው ወደ ውስጥ ተመለሱ።

ረቡዕ
መጡ! ኮት ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው። ሀብታሙ ክፍል ገባን። እኔ ልናገር ስል ቀደሙኝ፤ "ዓይኔ አያይም። ደብቄያችሁ ነው።" በቃ፣ ይሄው ነው ያሉት።

ሀብታሙ ተቆጣ። "የፍሬን ዕቃ እኮ ነው የምንሸጠው! ተሳስቶ ቢወጣስ?" እውነቱን ነው። እኔ ትናንት ያዘንኩት ለእሳቸው ብቻ ነበር፤ ይሄን አላሰብኩትም። ጋሽ ቶሎሳ አንገታቸውን ደፉ። ትንሽ ቆይቶ የሀብታሙ ድምፅ ወረደ፤ "ሐኪም አይቶዎታል?" አልታዩም፤ ፈርተው። "የዓመት ፈቃድ ይውሰዱና ዛሬውኑ ይታዩ" አላቸው።

ከሰዓት ሐኪም ቤት ይዣቸው ሄድኩ። የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይነሣል አለች ሐኪሟ። ለዓርብ ቀጠረቻቸው፤ ለጊዜው ቀኙን ብቻ።

ሐሙስ
መጋዘን ዋልኩ። ከሠራተኞቹ ጋር ሆነን የወጣውን ዕቃ ሁሉ ከደንበኞች ትእዛዝ ጋር አመሳከርን። አንድ ስህተት ተገኘ፤ የሌላ መኪና የፍሬን ሸራ ለአንድ ጋራዥ ተልኳል። ወዲያው ደወልኩ። "አልገጥም ሲለን አስቀመጥነው፤ ኑና ውሰዱ" አሉኝ። አልሐምዱሊላህ!

ሪፖርቱን የሆነውን እንደሆነው አድርጌ ጻፍኩ። የጋሽ ቶሎሳን መግቢያም ለጊዜው ዘጋሁት። ልክ ነው፤ ግን ሳልወድ ነው።

ዓርብ
ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን ስንቴ እንዳየሁት። ከጁምዓ መልስ ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ ደወሉ፤ "በሰላም ወጥቷል። ዓይኑ ታሽጓል፤ አፉ ግን አልታሸገም።" ዛሬ ገና እራት በደንብ በላሁ።

ቅዳሜ
ፋሻው ተነሣ። ሙዝ ይዤ ቀበና ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ትኩር ብለው አዩኝና "ነጃት፣ ይሄን ያህል ቀጭን ነሽ እንዴ!" አሉ።

"እኔንማ ጠዋት አይቶኝ 'አርጅተሻል' አይለኝም?" አሉ እትዬ ጫልቱ ከጓዳ። "መስታወት ሳመጣለት ዝም አለ።" ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ግራው ዓይን ገና ነው። ሀብታሙም ወደ ቦታቸው ይመልሳቸው እንደሆነ አልነገረኝም፤ "መጀመሪያ ይዳኑ፣ ከዚያ እናያለን" ነው ያለው። ጋሽ ቶሎሳ ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኳቸው። "ይሁን" አሉና ከሙዙ አንዱን ልጠው ሰጡኝ። ስወጣ ካልሸኘሁሽ ብለው አስፋልቱ ድረስ መጡ። አላፊ አግዳሚውን መኪና ታርጋውን ጮክ ብለው እያነበቡ፣ የእኔን ታክሲ ሁለቴ አሳለፉብኝ።