ሠላሳ አንድ አውራ ጣት

ሰኞ

ሁለቱም ባለ መሬት! ለፓርላማ የቀረቡልን ፊታውራሪውና ቀኛዝማቹ ናቸው፤ አማቾች፣ የጨፋን ሜዳ ለሁለት የተካፈሉ። የምርጫ ምልክታቸው ከሚሴ ገበያ ተለጥፏል፤ የአንዱ በሬ፣ የአንዱ ጃንጥላ። ለጭሰኛው ማን ይናገር? የእህቴ የዘሃራ ባል ሰይድ፣ የፊታውራሪው ጭሰኛ፣ «እንተወው አያ፤ ዝም አይነቅዝም» ይለኛል። ተናደድሁ። ባንመርጥም ይገዙናል! ጥያቄ እንጻፍ አልሁ፤ ጭሰኛ ያለ ፍርድ አይነሣም ብሎ የሚፈርም ድምፃችንን ይውሰድ። ሰይድ ፈራ። «እንግዲያው ከዘሃራ ቀሚስ ሥር ተወሸቅ!» አልሁት፣ ሰው ፊት። ፊቱ ጠቆረ። ደግ አደረግሁ።

ማክሰኞ

ሠላሳ አንድ ሰው ከጥያቄው ግርጌ አውራ ጣቱን አኖረ! ሰይድን መጀመሪያ አደረግሁት፣ ሌላው አይቶ እንዲደፍር። ሃያ ዓመት ማመልከቻ የጻፍሁ ሰው ነኝና ምንም አላጎደልሁም፤ ስም ከነአባት፣ መንደር፣ የሚያርሱት መሬት ከነአዋሳኙ። ጽሑፌ ወላሂ ያምራል።

ሐሙስ

ጥያቄውን በሁለት ቅጂ ለሁለቱም ሰጠሁ። ቀኛዝማቹ እጥፉን እንኳ ሳይፈታ ለጸሐፊው አቀበለው። ፊታውራሪው ግን እስከ መጨረሻው አነበበና «እንዲህ የጠራ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም» አለኝ። እንደሚፈርም አልነገረኝም። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ቅዳሜ

የፊታውራሪው ጭቃ ሹም ዝርዝሬን ይዞ ጨፋ ወረደ። ቤት ጠፍቶት አንድ ሰው አልጠየቀም፤ ሁሉን ጽፌለታለሁ። በተራ እየጠራ «ልቀቅ» አለ፣ ከሰይድ ጀምሮ። ማሽላው ገና እሸት ነው፤ አጭዶ እንኳ አይሄድም። የቀኛዝማቹም ሰው ወደ ጭሰኞቹ ሄዷል። ለካ በዚህስ አይለያዩም!

ሰይድ ደጃፌ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። «አንተ ብዕርህን ይዘህ ትነሣለህ፤ እኔ ምን ይዤ ልነሣ?» ብቻ አለኝ። ምነው ያን ሰኞ ምላሴን በቆረጠው!

እሑድ

ለአውራጃው ገዥ አቤቱታ አረቀቅሁ። ከሠላሳ አንዱ ሰባት ሊፈርሙ መጡ። እንዴት እንደመጡም እንጃ። ሰይድ የለም። ዘሃራ መጣች፣ «አካም» ብላ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ።

«የሱን ስም ተወው፤ የኔን አድርግ። መንደሩን ግን አትጻፍ።»

መንደር የሌለበትን አይቀበሉም አልኋት። «አላህ ይይልህ። ጻፍ» አለችና አውራ ጣቷን ቀለም ነከረች።

ጻፍሁት። ነገ ላድርሰው ወይስ ልቅደደው? ወላሂ አላወቅሁም።