ስለ ልጄ መንጋጋ፣ ለተከበሩ ዳይሬክተር

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? አላህ ጥርስዎን ከነድዱ ያጽናልዎ። ይህን የምመርቅዎ ከልቤ ነው፤ ታመው በራስዎ ሆስፒታል ወረፋ ሲይዙ ማየት አልፈልግምና።

ሙሐዲን እባላለሁ፤ ኮልፌ ጨርቅ እየሸጥኩ ልጆች ያሳደግሁ የዓለም ባንክ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። የምጽፍልዎ አንደኛ ክፍል ስለምታስተምረው ልጄ ስለ አልፊያ ነው። አምና ክረምት ሲገባ የታችኛው ድዷ በግራ በኩል አበጠ። አያማትም ነበር፤ ያዘናጋንም እሱ ነው።

አንደኛ፣ የጥርስ ክፍልዎን አመሰግናለሁ። የራጅ መሣሪያው ተበላሽቶ ስለነበር በባትሪ አብርተው አዩና «የተበላሸ ጥርስ ነው» ብለው ነቀሉላት። እብጠቱ አልሄድ ሲል ደግሞ አጠገቡ ያለውን ጤነኛውን ነቀሉላት። ሥራ ፈትተው አለመቀመጣቸውን በዓይኔ ስላየሁ ምስክር ነኝ።

ሁለተኛ፣ ናሙና የሚመረምረውን ክፍል አመሰግናለሁ። ሌሊሴ የምትባል ወጣት ሐኪምዎ ድዷን በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ፣ «አባባ፣ ይሄ የጥርስ ሕመም አይመስለኝም፤ ትንሽ ቆርጠን እናስመርምረው» አለችኝ። ቆርጣም ላከችው። ውጤቱን ፍለጋ ስንመላለስ ከርመን፣ ማቆያው ፈሳሽ አልቆ ስለነበር ናሙናው መደርደሪያ ላይ እንደደረቀ በትሕትና ተነገረን። ልጄም እንደገና ተቆረጠች።

ሁለተኛው ውጤት ሲመጣ አሜሎብላስቶማ ሆኖ ተገኘ፤ ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዘው የመንጋጋ ዕጢ ነው አሉን። ካንሰር አይደለም ሲሉን አልሐምዱሊላህ አልኩ። ዶክተር ሌሊሴ ግን አንገቷን ደፍታ፣ «አጥንቱን ከውስጥ ይበላዋል አባባ፤ ከነአጥንቱ ነው የሚወጣው። ቶሎ ቢታይ ኖሮ ትንሽ ነበር የሚቆረጠው» አለች። አልፊያ እጄን ያዘችኝ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «ጥርስዎን በቀን ሁለቴ ይቦርሹ» የሚል ማስታወቂያ ደጋግሜ አነብ ነበር።

ሦስተኛ፣ የግዢ ክፍልዎን... ቁጥሩን ልተወው መሰለኝ፣ ክቡርነትዎ። ቁጥር የሚያልቅ ነገር ላለው ሰው ነው።

በአጥንቱ ምትክ የሚገባው ብረት ስለሌለ «ሲመጣ እንደውላለን» ተባልን። ልጄም ፊቷን በሻርፕ ጠቅልላ እያስተማረች ስልክ ትጠብቅ ጀመር። እብጠቱ ጉንጯን እየገፋ ሲሄድ ቢሮዎ ደጅ መጣሁ፤ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነገረችኝ። በሌላ ጊዜም መጣሁ፤ ስብሰባው የተባረከ ነበርና አላለቀም።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ ለስላሳ ዳቦ ስትነክስ መንጋጋዋ ተሰበረ። ድምፁን ሰምቻለሁ። አፏን በሁለት እጇ ደግፋ ስታየኝ፣ አባት ነኝ ብዬ የማደርግላት ምንም ነገር አልነበረኝም። ሚስቴ ፈይዛ እየጮኸች ወደ ውጭ ሮጠች፤ ጎረቤታችን ወንድይፍራው በመኪናው ሌላ ሆስፒታል አደረሰን። እዚያም ብረቱ አልነበረም፤ ሐኪሞቹ ግን ሕይወቷን እናትርፍ ብለው የመንጋጋዋን ግማሽ አወጡት።

ተርፋለች። ፊቷ ወደ ግራ ገብቷል፤ የምትጠጣው አጥሚት በአፏ ጥግ ይፈስባታል። ስትናገር እኔና እናቷ እንሰማታለን፤ ተማሪዎቿ ግን መስማት ስላቃታቸው ማስተማሩን ትታለች። ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆማ «ሀ፣ ሁ» ስትል እሰማለሁ፤ በሩን ከፍቼ ምን እንደምላት አላውቅም።

ከማያልቀው ስብሰባዎ ጊዜ ተርፎዎት ይህን ካነበቡ፣ ለድካምዎ በቅድሚያ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሥልጣንዎ እንዲረዝምልዎ የምመኝ፣

ታማሚ አስታማሚዎ
ሙሐዲን፣ ከኮልፌ ቀራንዮ

ማሳሰቢያ፦ ቃልዎን አክብረው ትናንት ከሆስፒታልዎ ተደውሏል። ብረቱ መጥቷል፣ ተራዋም ደርሷል። ስልኩን ያነሳችው ራሷ አልፊያ ነበረች። ሠራተኛዎ «የምትይው አይሰማኝም፣ ጥርት አድርገሽ ተናገሪ» ብሏት፣ ደግማ ብትሞክር ዘጋባት።