በረኪና የነካው አክሶሎትል

«አባዬ፣ አክሶሎትሉን ተወው ይሙት፤ እኔም ደክሞኛል።» መታመሙን ስነግርሽ ይህን በስልክ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ።

ይድረስ ለልጄ ለሊሊ፦ እኛ የጅቡቲ ሐሩር ሳይፈጀን አለን፤ አዲስ አበባ እንዴት ይዞሻል?

ሠራተኛችን አበቡ ትተሽልኝ የሄድሽውን የአክሶሎትል፣ የዚያን እንሽላሊት መሳይ የውኃ እንስሳ፣ ገንዳ በበረኪና አጠበችው። የእንስሳው ቆዳ ተላጠ፤ እንደ ላባ የተዘረጋው መተንፈሻ ስንጥቡ ረገፈ። የአበቡን መወልወያ በጉልበቴ ሰበርኩት። ጎረቤታችን ሶሬሳ «ጋሼ፣ ለእንሽላሊት ለቅሶ ልንቀመጥ ነው?» ብሎ ሲስቅ፣ አንቄ ከግድግዳ ጋር አላተምኩት። ከአፉ ደም ወጣ፤ አልተጸጸትኩም።

አሁን የቧንቧው ክሎሪን እንዲለቀው አንድ ቀን ያሳደርኩትን ውኃ እለውጥለታለሁ፤ በበረዶ ጠርሙስ አቀዘቅዘዋለሁ። ዛሬ አንድ ትል ዋጠ። አንቺስ ምን በላሽ? ከዚያ መልእክት ወዲህ ስልክሽ ለምን ተዘጋ?

እግዜር ከአጠገብሽ አይራቅ። እስከ ነሐሴ አሥር በገዛ እጅሽ ጽፈሽ መልሺልኝ፤ አለዚያ ከናጋድ ጣቢያ በባቡር ተሳፍሬ መጥቼ በርሽን እገነጥለዋለሁ።

አባትሽ ጀንበሬ