ለአንተ ብቻ የማይጮኸው ስልክ

ለልጄ፣ ፈጣሪ በሄድክበት ሁሉ ይከተልህ፤ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጣሪያው ተጠግኗል፤ አክስትህም ከሆስፒታል ወጥታለች።

አምስት ወር ሙሉ አልደወልክልኝም ብዬ አዝኜብህ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ረግሜሃለሁም። እህትህን ስጠይቃት "ስልኩ አርጅቷል እማዬ፣ ድምፁ አንዳንዴ ይጠፋል" ትለኛለች። ማክሰኞ ዕለት ራሴ ይዤው ስልክ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። ፈታታው፤ የድምፁን ቀዳዳ በጥርስ ብሩሽ ጠረገና ከራሱ ስልክ ደወለ። ሲጮህ ሱቁ ተናወጠ።

"እማማ፣ ይኼ እንኳን እርስዎን ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል" ብሎ ሳቀ። ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋ። "ይህ ሰው ሲደውል ብቻ እንዳይጮህ ተደርጓል" አለኝ። ተቀብዬ አነበብኩት፤ ያንተ ስም ነው። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ለካ ይህን ላነብ ኖሯል።

ስልኬን ከእህትህ በቀር የሚነካው የለም። እሷም አልካደችም። "እሱ በደወለ ቁጥር ሳምንት ሙሉ ታለቅሻለሽ፤ የማባብልሽ እኔ ነኝ!" አለችኝ። ያመለጡኝን ጥሪዎች እንኳ እየቀደመችኝ ታጠፋቸው ነበር። ምግብ ስታቀርብልኝ እበላለሁ፤ ዓይኗን ግን አላይም። ታረቂ እንዳትለኝ፣ ገና ነኝ።

እርግማኔን መሬት ይዋጠው፤ ምርቃቴ ያለህበት ድረስ ይምጣልህ። አዲስ ስልክ እልካለሁ ብለህ አትድከም፤ ጠጋኙ ላንተም እንዲጮህ አድርጎታል። እሁድ ጠዋት ብቻ ደውልልኝ፤ ከእጄ አላወርደውም።

እናትህ