ካልሲ ውስጥ የተገኘችው ሳጥን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ሳተላይት ያዘኝ። የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሙሉ ሰው በተንኮሌ ሊይዘኝ ያልቻለውን እኔን!

ትዕግሥት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የዓሣ አጥማጁ የጋሽ ዳንጊሶ መረብ ላይ ሳሙና የምታክል ሳጥን አስራ ነበር። ነፋስ መረቡን ቢወስደው፣ ሳጥኗ ያለችበትን ለሳተላይት ትናገራለች፤ ሳተላይቱ ደግሞ ለስልክ። ካርድ አይሞላላት፣ ኔትወርክ አትለምን! እኔ ግን አላመንኩም። ትናንት አመሻሽ ላይ መረቡን አብረን ስንዘረጋ ፈታኋትና ቤት ወስጄ ግቢ የተሰጣ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኳት። ጋሼን "ሰማዩ ዋሸዎት" ብዬ ልስቅባቸው ነበር።

ጠዋት ሁለቱም እኔ ያለሁበት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ድረስ መጥተው በሬን አንኳኩ።

"መረቤ እዚህ ግቢ ነው ይላል" አሉ ጋሼ።

"እኔ ግቢ ሐይቅ አለ እንዴ ጋሼ?"

ትዕግሥት ስልኳን እያየች ቀጥ ብላ ወደ ልብስ ማስጫው ሄደች። "ይሄ ካልሲ ከብዶታል" አለች። እጇን አስገብታ ሳጥኗን አወጣች። ያን ያህል ርቆ የእኔን ግቢ ለየ! የሠራው ሰው እጁ ይባረክ።

"መረቡስ የት አለ?" አሉ ጋሼ።

ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። ለካ ሌሊት ነፋስ ያለ ሳጥኗ ወስዶታል፤ ሌላ መረብ የላቸውም። ቀኑን ሙሉ ስንቀዝፍ ዋልን፣ አላገኘነውም። ነገም እንወጣለን።

"ስናገኘው ሳጥኗን አንተ ነህ የምታስራት" አሉኝ ጋሼ።

ባናገኘውስ እያልኩ ለነገ መቅዘፊያዬን አዘጋጀሁ።