ሁለቴ የሞተው ሰውዬ

ቅዳሜ፣ ማርች 14

ዛሬ አባባ ከተማችንን ሌዊስቪልን አስጨበጨቡ! ቤት መቀመጥ ሲሰለቻቸው አይቼ፣ ላይብረሪ ውስጥ የሚታይ የድሮ የካውቦይ ፊልም ይዣቸው ሄድኩ። ፊልም ድምፅ ባወጣ ሰሞን በርካሽ የተሠራ ነው። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ሰው ፊት እንዳይከፋቸው ሰግቼ ነበር። መሀል ላይ ብድግ አሉና፣ "ይሄ አሁን የሞተው የሸሪፉ ወታደር ቅድም የሞተው ሽፍታ ነው! ፂም ለጥፎ መጣ እንጂ። ንገሪያቸው!" አሉኝ። እያፈርኩ ተናገርኩ። ፊልሙን የምታሳየው ሴትዮ ሪዋይንድ አደረገችው። ያው ሰውዬ፣ ያው ግንባሩ ላይ ያለ ጠባሳ! አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሱ።

መኪና ውስጥ ጠጋ ብለው፣ "ፈረሱም እኮ የሽፍታው ነበር። ሴትዮዋ እንዳታፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አሉኝ።